ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ»

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። እናቴ ሳትሰማው ሞተች። ሚስቴ አታውቀውም። ነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ በጾም ቀን የቀመስኩትን ወተት ሳይቀር በቅደም ተከተል እዘረዝርላቸዋለሁ፤ ይህችን አንዷን ግን ሰነፍ ተማሪ የፈተና ወረቀቱን እንደሚደብቅ ኪሴ ውስጥ አጣጥፌ ይዣት እመለሳለሁ። ለምን? ንስሐዬ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ነው። «ልጄ፣ ክፍሏን መልስ» ይሉኛል። ክፍሏ ደግሞ ተከራይ አለባት።

አንተ አንባቢ ግን አታውቀኝም፤ ክፍሏን መልስ ብለህ ደጄ አትመጣም። ስለዚህ ለአንተ እናገራለሁ። ፈሪ ሰው ሲናዘዝ እንኳ ርካሹን ቦታ ይመርጣል።

የአማርኛ መምህር ነኝ። ሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በየዓመቱ የተውላጠ ስም ትምህርት ሲደርስ ሰሌዳውን በማስመሪያ አራት ቦታ እከፍለዋለሁ፦ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ። «እርስዎ» ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። «ልጆች፣ ይህች ቃል የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለችም። አንድ ሰው ብቻውን ሳለ እንደ ብዙ ሰው የሚቆጠርባት ናት። በዕድሜ ትገኛለች፣ በሥራ ትገኛለች። አንዴ ከተሰጠች ተመልሳ አትወሰድም» እላቸዋለሁ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። ይህን የምላቸው እኔ ነኝ። ከአንድ ትልቅ ሰው ላይ ይህችን ቃል በጠራራ ፀሐይ የገፈፍኩ፣ እኔ።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በር እና መስኮት በሚበይዱ ሰዎች መሃል ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ በግቢው ጥግ ደግሞ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ክፍል አለች። እዚያች ክፍል ውስጥ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እትዬ ዘይነባ ይኖሩ ነበር። በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ በልብስ ስፌት መኪናቸው የሰፈሩን ተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ሴት ናቸው። ኪራይ አይከፍሉም። ምክንያቱም እንዲህ ነው፦ አባቴ የቤቱን ግድግዳ አቁሞ ጣሪያው ላይ ሲደርስ እጁ አጠረው። ክረምቱም ደርሶ ነበር። እትዬ ዘይነባ የጆሮ ወርቃቸውን ሸጡና ቆርቆሮ ገዙ፤ ለራሳቸው ክፍል ብቻ ሳይሆን ለእኛም ቤት። አባቴ «ይህች ክፍል እስትንፋስሽ እስካለች ድረስ ያንቺ ናት» አላቸው። ሊሞት ሲል ደግሞ እኔን ጠርቶ «ዘይነባን አደራ» አለኝ። «እሺ አባዬ» አልኩት። ምን ያህል ፈጥኜ እንዳልኩት አሁንም አስታውሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። እትዬ ዘይነባ የመጀመሪያ ተማሪዬ ነበሩ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤት የጠመኔ ስብርባሪ እየለቀምኩ በራቸው ላይ ሀ ሁ እጽፍላቸው ነበር። እሳቸው የስፌት መኪናቸውን እየዘወሩ ያነባሉ፤ ሲሳሳቱ በማስመሪያ በሩን እመታለሁ። «መምህሬ» ይሉኛል። ያን ጊዜ እንኳ ቀልደኛ ነበሩ፤ «መምህሬ፣ ንፍጥዎን ይጥረጉና ይቀጥሉ» ይሉኝ ነበር። ፊርማቸውንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ «ዘ»ዋን ጭራዋን ረዘም አድርገው። ተመርቄ ሥራ ስይዝ ነጭ ጋዋን ሰፍተው አለበሱኝ፤ በውስጥ በኩል ለጠመኔ የሚሆን ትንሽ ኪስ አበጅተውለት። «እኔ ያልኩህ መምህር ሆንክ» አሉኝ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ስለ ሀብት ማፍራት የሚሰጥ የቅዳሜ ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኙ የሚያብረቀርቅ ከረባት ያሰረ ሰው ነበር። «የምትኖርበት ቤት የተኛ ሀብት ነው፤ ቀስቅሰው» ይላል። እኔ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ከሥሩ አሰመርኩበት። ማብራራት ስለምወድ ላብራራልህ፤ ነገሩ ቀላል ነው። ያለህን ቤት ለባንክ መያዣ ታደርጋለህ። ባንኩ ቤቱን አይወስድብህም፤ ዋጋውን ገምቶ ያበድርሃል። በብድሩ ሌላ ቤት ትገዛለህ። እሱን ታከራያለህ። ኪራዩ ብድሩን ይከፍላል። ብድሩ ሲያልቅ የሁለት ቤት ጌታ ነህ፤ አንተ ግን አሁንም ያው የድሮው ቤትህ ውስጥ ነህ። ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ? የትም ላይ የለም። ስንት ደህና ሰው በዚሁ መንገድ ቤት ሠርቷል። ባንኩ አላሳሳተኝም፣ ዘመኑም አላሳሳተኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የማሳብብበት እንዳላገኝ ነው።

በዕረፍት ሰዓት አሠልጣኙን ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። «ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው ቢኖርስ?»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«አባቴ ያስቀመጣቸው ናቸው። ቆይተዋል።»

«ውል አላቸው?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያው ሰው የለማ» አለ። አጠገባችን ሻይ የሚጠጡት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እንደ ጎበዝ ተማሪ ከሁሉም ቀድሜ ነው የሳቅኩት።

የቤቱ ካርታ በእናቴ ስም ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ጥቀርሻ የጠጣው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ሁለት ቤት ሣልኩላትና በቀስት አያያዝኳቸው።

«እኛ ተኝተንበት ባንክ እንዴት ነው የሚይዘው?» አለች።

«የሚይዘው በወረቀት ነው እማዬ።»

«የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ዘይኑስ?»

«እትዬ ዘይነባ ምን ይሆናሉ? እንዳሉ ይኖራሉ።»

ያኔ መዋሸቴ አልነበረም። ወይም መዋሸቴን ገና አላወቅኩትም፤ ልዩነቱን እስከ ዛሬ ማብራራት አልቻልኩም። እናቴ ውክልና ሰጠችኝ።

የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን ለመገመት የሚመጣበትን ቀን ስመርጥ የወሩን የመጀመሪያ ቀን መረጥኩ። ለምን? ልደታ ስለሆነ፣ እናቴ ከጠዋት ጀምራ ቤተ ክርስቲያን ስለምትውል ነው። እንግዲህ አላሰብኩበትም ማለት አልችልም። ሳያስብ የሚበድል ሰው ቀን አይመርጥም።

መሐንዲሱ የእኔ እኩያ ነበር። ሜትሩን ዘረጋ፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና «ቆርቆሮው ደህና ነው» ብሎ ጻፈ። የማን ቆርቆሮ እንደሆነ አልነገርኩትም። ከዚያ ወደ ጥጓ ክፍል ዞረ። እትዬ ዘይነባ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የስፌት መኪናቸውን እያንቀሳቀሱ ነበር፤ ከእኛ አምስት እርምጃ ቢርቁ ነው።

«ይህችን ክፍል የያዘው ማነው?» አለ።

ስንት መልስ ነበረኝ? ጎረቤታችን ናቸው ማለት ይቻል ነበር። አባቴ ቃል የገባላቸው ናቸው ማለት ይቻል ነበር፤ ግምቱ ይቀንስ፣ ነገሩ ይንዛዛ እንጂ ሰማይ አይደፋም። እኔ ግን የቤት ሠራተኛ ስለምታድርባት ክፍል ማንም ምንም እንደማይጠይቅ አውቅ ነበር።

«ሠራተኛችን ናት» አልኩ።

ውሸት ብቻውን መቆም ስለማይችል ደግሞ ድጋፍ አቆምኩለት። ወደ እሳቸው ዞሬ «ዘይነባ፣ ለእንግዳው ውሃ አምጪላቸው» አልኩ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ አማርኛ መምህር እንድተነትናት ፍቀድልኝ። ግሷ አንዲት ናት፦ አምጪላቸው። «አምጪ» የተባሉት የእናቴ ታላቅ የሆኑት ሴት ናቸው። «ላቸው» የተባለው የእኔ እኩያ፣ በዚያች ጠዋት ያየሁት ሰው ነው። በአንዲት ግስ ውስጥ ከአንዷ ገፍፌ ለሌላው አለበስኩ። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ በቀይ እከብበት ነበር። በላዬ ላይ ደግሞ እሳቸው የሰፉልኝ ጋዋን ነበር።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እትዬ ዘይነባ አዩኝ፤ ብዙም አላዩኝም። መርፌውን ከጨርቁ ነቀሉ፣ ተነሡ፣ ብርጭቆ አጠቡ፣ በትሪ አድርገው በሁለት እጃቸው ጎንበስ ብለው አቀረቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሌላ የሚያዙኝ አለ፣ ጋሼ?»

መሐንዲሱ ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲመልስ በሁለት እጁ መለሰ። እሳቸው ገባ ሲሉ «ትልቅ ሰው ናቸውኮ፤ ሥራው አይከብዳቸውም?» አለኝ። እንግዳ የሆነ ሰው፣ ስማቸውን የማያውቅ ሰው «ናቸው» አላቸው።

«ለምዳዋለች» አልኩት።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ የአንድ ቀን ቅሌት ነበር። አልቆምኩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባንኩ የእትዬ ዘይነባን ስም በቀበሌ መዝገብ በቤታችን ቁጥር ሥር አገኘውና በክፍሏ ላይ መብት እንደሌላቸው የፈረሙበት ወረቀት አምጣ አለኝ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብዬ በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ አረቀቅኩት፦ «እኔ ፈራሚዋ በዚህ ግቢ የምኖረው በሰራተኛነት ሲሆን በምኖርበት ክፍል ላይ ምንም ዓይነት መብት የለኝም።» ከምሳ በኋላ ወሰድኩላቸው። ቶሎ ፈርመው እንደሚሰጡኝ ገምቼ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን ከሥር እያስኬዱ፣ በራቸው ላይ እንዳስተማርኳቸው፣ ፊደል በፊደል አነበቡት። አንዲት ቃል ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ ሥራ በንጉሡ ሠ ነው። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

አየሁት። «ሰራተኛነት» ብዬ በእሳቱ ሰ ጽፌዋለሁ። ምን ያደረግኩ ይመስልሃል? ወረቀቱን ቀደድኩት? እግራቸው ላይ ወደቅኩ? እስክሪብቶዬን አውጥቼ ፊደሏን አስተካከልኳት። አዎ፣ አስተካከልኳት። ወንጀሉ እንዳለ ሆኖ የፊደል ግድፈቱን አረምኩ።

ፈረሙ። «ዘ»ዋ ጭራዋ ረዝማለች። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«አባትዎ ልጻፍልሽ ብለውኝ ነበር። በእኛ መሃል ወረቀት ነውር ነው ብዬ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ብድሩ ወጣ። ከሰፈራችን ከኋላ በኩል ሦስት በር ያላት ቤት ገዛሁ፤ ሦስቱንም በር አከራየሁ። አሠልጣኙ እንዳለው ሆነ። ልብ በል፣ አልከሰርኩም። ባንክ ቤቴን አልሸጠብኝም፣ ተከራይ አልካደኝም፣ ልጄ አልታመመብኝም። በዳይ በምድር ላይ ዋጋውን ያገኛል የሚሉህ ሰዎች እኔን አያውቁኝም።

አንድ ነገር ብቻ ሰላም ነሣኝ። እትዬ ዘይነባ የፈረሙበትን ወረቀት በቃሉ ያዙት። እናቴ ኪዳን ስትሄድ ጠብቀው ግቢውን ይጠርጋሉ። ወደ ሥራ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመው «ጋሼ፣ ጫማዎን ልወልውል?» ይሉኛል። «ተዉ እንጂ እትዬ» ስላቸው «ሠራተኛ እትዬ ይባላል እንዴ፣ ጋሼ?» ይላሉ። አይቆጡም፣ አያለቅሱም፤ እንዲያውም ፈገግ ይላሉ። አንድ ቀን እናቴ ሰማችና «ምን ሆና ነው ጋሼ የምትልህ?» አለችኝ። «ትቀልድብኛለች» አልኳት። እናቴ ሳቀች። «መምህሬ» የምትለዋ ቃል ግን ከዚያች የልደታ ቀን በኋላ ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም።

በአራተኛው ወር ክፍሏ ለኪራይ እንደምትፈለግ ነገርኳቸው። የብድሩ ክፍያ ከብዶኛል አልኩ። ውሸት ነበር፤ ሦስቱ በሮች ይበቁ ነበር። እውነቱ «ጋሼ»ን በየጠዋቱ መስማት አልቻልኩም። ሰውን መጀመሪያ ዝቅ አደረግኩ፣ ቀጥሎ ዝቅ ባሉበት ቦታ ሆነው ስላዩኝ አስወጣኋቸው። ሌባ እንኳ ወግ አለው፤ የሰረቀበትን ሰው «ለምን ታየኛለህ?» ብሎ አይከሰውም።

እሳቸው ለእናቴ «የእህቴ ልጅ ብቻዋን ሆነችብኝ፣ እሷ ዘንድ ልሄድ ነው» ብለው ሄዱ። እኔን ሸፈኑኝ። የስፌት መኪናቸው በጋሪ ሲወጣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ተሳቢና ባለቤት እያስተማርኩ። ማታ ስመለስ እናቴ በራፏ ላይ ተቀምጣ ባዶዋን ክፍል ታያለች። «ምን አጎደልኩባት?» አለችኝ። «ይህን ሁሉ ዘመን አብረን በልተን፣ አብረን ቀብረን፣ እንዲህ እንደ ተከራይ ውልቅ ትላለች? ዘይኑ ጨካኝ ናት።» አንዲት ቃል ብናገር ያ ቂም ይጠፋ ነበር። አልተናገርኩም። እናቴ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ዘይነባ ከዳችኝ እንዳለች ኖረች። ስለዚህ የወሰድኩት ክፍል ብቻ አይደለም፤ የሁለት ሴቶችን ዕድሜ ሙሉ ወዳጅነትም ወስጃለሁ። እሱን ማንም መሐንዲስ አልገመተውም።

እስካሁን ያልከውን ሁሉ ለጥቅምህ አደረግከው፣ ወጣት ነበርክ፣ ብድሩ አስጨንቆህ ነው የምትለኝ ከሆነ ቆይ፣ ዋናውን አልነገርኩህም።

እናቴ ስትሞት እትዬ ዘይነባ ለቅሶ መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ሁሉ ይልቅ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው፤ «ያንን ቀን ሳልነግርሽ» እያሉ። ምን ሊነግሯት እንደነበር የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። አጠገቤ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ነበሩ። ከርእሰ መምህሩ ጋር ወደ ሴቶቹ ስንጠጋ እትዬ ዘይነባ አዩኝና ከወንበራቸው ተነሡ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አሉኝ።

ርእሰ መምህሩ ደንግጠው «እኚህ እናት ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ያኔ ባንክ አልነበረም። መሐንዲስ አልነበረም፤ ብድሩ አልቆ ካርታው ሣጥኔ ውስጥ ነበር። እውነቱን ብናገር አንድ ሳንቲም አላጣም ነበር። የእናቴ አስከሬን ገና ከቤት አልወጣም ነበር። እግዚአብሔር ለአንድ ሰው ከዚህ የተመቸ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል?

«ድሮ እኛ ቤት ይሠሩ ነበር» አልኩ።

«ይሠሩ» ማለቴን ልብ በል። በዚህ ጊዜ አንቱታውን መልሼላቸዋለሁ። ሰዋስዋችን ተስተካክሏል፤ ውሸቱ እንዳለ ነው። እንደ ፊደሏ።

ከዚያም በለቀቁልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘይነባ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ናቸው። ዐይናቸው ስለደከመ መስፋት ትተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከሜክሲኮ አንድ ታክሲ ነው፤ አሁንማ ባቡርም አለ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባቡሩ ወደዚያ ሲያልፍ አየዋለሁ። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ወጣት ሠራተኞች ይኖራሉ፤ ውል አላቸው፣ እኔ ነኝ ያረቀቅኩት፣ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። በሩ ላይ የጻፍኩት ሀ ሁ በቀለም ሥር ገብቷል።

ለምን አልሄድክም ትለኛለህ። ይቅር አይሉኝም ብዬ ፈርቼ አይደለም። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ እወድ ነበር፤ የተረገመ ሰው ቢያንስ ሰው ሆኖ ተቆጥሯል። የምፈራው ሌላ ነው። ገና በሩ ላይ ስታየኝ የእህታቸው ልጅ ስሜን ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ግድግዳ ይዘው ከወንበራቸው ይነሡና «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ይሉኛል።

እኔም፣ ራሴን ስለማውቀው፣ እቀመጣለሁ።